ቤንቬኑቶ ቼሊኒ የአንጥረኛው ታሪክ

በኢጣልያ አገር ፊሬንዜ በምትባል ከተማ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1500 ዓመት አንድ ሕፃን ተወለደ፤ በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ጆቫኒ ቼሊኒ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራና ዋሽንት የሚነፋ ብልህ ሰው ነበረ። ወላጆቹ የምትወለደው ሴት ናት ብለው ስሟን አስቀድመው አውጥተው ነበር። ወንድ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ግን አባቱ ከደስታው ብዛት የተነሣ ቤንቬኑቶ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም በኢጣልያ ቋንቋ እንኳን ደኅና መጣህ እንደ ማለት ነው።

ቤንቬኑቶ አምስት ዓመት ያህል በሆነው ጊዜ አባቱ አንድ ቀን በእሳት ዳር ተቀምጦ ሲዘፍን በፍሙ መካከል እንሽላሊት የሚመስል ትንሽ ፍጥረት ሲንቀሳቀስ ያየ መሰለው። ወዲያው ልጆቹን ጠርቶ አሳያቸውና ቤንቬኑቶን በጥፊ መታው። ልጁ ባለቀሰ ጊዜ አባብሎ ሳመው፥ ገንዘብም ሰጠው፤ የመታውም ስላጠፋ ሳይሆን ያየውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ እንዳይረሳው መሆኑን ነገረው። በዚያ ዘመን ሳላማንድር የሚባለው እንስሳ በእሳት ውስጥ እንደሚኖር ይታመን ነበር። ይህ እውነት አይደለም፤ በእሳት ውስጥ የሚኖር እንስሳ የለም። ምናልባት በእንጨቱ ስንጥቅ ተሸሽጎ የነበረ ፍጥረት ሙቀቱ አስወጥቶት ይሆናል። ልጁ ግን ጥፊውንም እሳቱንም አልረሳም።

አባቱ ልጁ ታላቅ ዋሽንት ነፊ እንዲሆንለት ይመኝ ነበር። ቤንቬኑቶ ግን ዋሽንቱን ይጠላው ነበር፤ አባቱን ላለማሳዘን ብቻ ይነፋ ነበር እንጂ ልቡ በሥዕልና በአንጥረኛ ሥራ ላይ ነበረ። ዐሥራ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ የአባቱን ምኞት ትቶ ማርኮኔ ከሚባል አንጥረኛ ዘንድ ገባ። አባቱ ነገሩ ደስ ባያሰኘውም አልከለከለውም። ነገር ግን ለሌሎች ደቀ መዛሙርት የሚከፈለው ደመወዝ ለልጁ እንዳይከፈለው አደረገ፤ ልጁ ወደ ሙያው የገባ በገዛ ፈቃዱ ነውና ሥዕል የሚማርበት ጊዜ እንዲተርፈው ብሎ ነው። ደመወዝ ትቶ ጊዜ መግዛት ሞኝነት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ቤንቬኑቶ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ከከተማው ደኅና ደኅና ወጣት አንጥረኞች ጋራ ለመተካከል በቃ።

አንጥረኛ ትንሽ ጌጥ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ወርቁን ወይም ብሩን በመዶሻ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማውጣት ነው፤ ሁለተኛውም አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ነው። ማፍሰስ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለሚማረው ግን ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ ነው።

አስቀድሞ ሠራተኛው ያሰበውን ቀለበት ወይም ጉትቻ ወይም መስቀል በንብ ሰም ያበጃል። ሰም ለእጅ የሚታዘዝ ስለ ሆነ ቅጠልም ቢሆን፥ የሰው ፊትም ቢሆን፥ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነገርም ቢሆን ይቀረጽበታል። ቀጥሎ በዚያ ላይ ቀጫጭን የሰም ዘንጎች ይተክላል፤ አንዱ የቀለጠው ብር የሚገባበት፥ ሌሎቹም አየር የሚወጣበት መንገድ ይሆናሉ። ከዚያም እንደ ዱቄት የላመ የሸክላ አፈር በውኃ አቅጥኖ በብሩሽ በስሱ ይቀባዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይቀባዋል፤ በመጨረሻም በወፍራም ጭቃ ይሸፍነዋል። ይህ ጭቃ በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። የቸኰለ ሰው በእሳት አጠገብ ያደረቀው እንደ ሆነ ይሰነጠቃል፤ ብሩም በስንጥቁ ገብቶ ጌጡን ያበላሸዋል።

ከደረቀ በኋላ ወደ እሳት ይቀርባል። ሰም ከ60 ዲግሪ ጥቂት በሚበልጥ ሙቀት ይቀልጣልና ፈጥኖ ይወጣል፤ በጭቃውም ውስጥ የሰሙን መልክ የያዘ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ጭቃው ግን ፍም እስኪመስል ድረስ ይተኰሳል። በውስጡ ጥቂት ርጥበት የቀረ እንደ ሆነ፥ ብሩ በገባ ጊዜ ውኃው ባንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ቅርጹን ይሰብረዋል፥ የቀለጠውንም ብር በሠራተኛው ፊት ላይ ይረጨዋል። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ፥ ወርቅም በ1064 ዲግሪ ነው። በወናፍ እየተነፋ ይህን ያህል በጋለ ጊዜ ሳይቋረጥ ባንድ ጊዜ ይፈስሳል። እጅ የዘገየ እንደ ሆነ ብሩ በመንገድ ይረጋና ጌጡ ጎዶሎ ይወጣል፤ የአየሩ መንገድ የተደፈነ እንደ ሆነም አረፋ ቀርቶበት ይበሳል። ሰሙም አንድ ጊዜ ቀልጦ ስለ ጠፋ የተበላሸው ሥራ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ስለዚህ ብልህ አንጥረኛ ሰሙን ከነዘንጎቹ አስቀድሞ ይመዝነዋል። ሰሙ አንድ እጅ ቢመዝን ብሩ ዐሥራ አንድ እጅ ያህል፥ ወርቅም የሆነ እንደ ሆነ ሃያ እጅ ያህል ያስፈልጋልና። ይህን ሳያስብ የሚያቀልጥ ሰው እያፈሰሰ ሳለ ያልቅበታል።

በኢትዮጵያም አንጥረኞች የነሐስና የብር መስቀል በዚህ መንገድ ሲያፈስሱ ኖረዋል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚሉትም ነገር ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው፤ ሰሙ በላይ የሚታየው መልክ ነውና ቀልጦ ይሄዳል፥ ወርቁም በስፍራው ገብቶ ይኖራል። ቤንቬኑቶ ቅኔ ቤት አልገባም፤ ነገሩን ግን በእጁ ያውቀው ነበር።

ይህ ልጅ ሰምን የሚታገሥ እጅ ነበረው፤ ስድብን የሚታገሥ ልብ ግን አልነበረውም። ዐሥራ ስድስት ዓመት በሆነው ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ከአንድ ጎልማሳ ጋራ በሰይፍ ተጣላ፤ የጎልማሳውም ወገኖች ወንድሙን በድንጋይ መትተው ጣሉት። ቤንቬኑቶ ሊያድነው ሰይፍ ይዞ ገባ። የከተማው ዳኞችም ሁለቱን ወንድማማቾች ለስድስት ወር ከፊሬንዜ አስወጧቸው። ቤንቬኑቶ ወደ ሲየና ሄዶ ፍራንቼስኮ ካስቶሮ በሚባል አንጥረኛ ዘንድ ሠራ፤ ከዚያም በኋላ በቦሎኛና በፒዛ እየተዘዋወረ በየአንጥረኛው ቤት ሙያውን አሰፋ። በየአገሩ አዲስ ነገር ይማር ነበርና ስደቱ ያለ ጥቅም አልቀረም። ወደ ፊሬንዜ ተመልሶ ሳለ የሕፃን እጅ የምታህል የብር ዘለበት ሠራ፤ በርስዋም ላይ ቅጠላ ቅጠልና ትንንሽ ልጆች ቀርጾባት ነበር። በዚያች ዘለበት በከተማው አንጥረኞች ዘንድ ስሙ ታወቀ።

በ1519 ዓመት ወደ ሮማ ሄደ። በዚያ ከአንድ የጥንት የድንጋይ መቃብር መልክ ወስዶ ትንሽ የብር ሣጥን ሠራ፤ ካገኘውም ዋጋ ከፍሎ ለአባቱ ላከለት። ዋሽንቱን ቢተውም አባቱን አልተወም።

በዚያ ዘመን ከአንጥረኛ ሥራ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ሊቅ ነበረው። ላውቲዚዮ የሚባለው ሰው የካርዲናሎችን ማኅተም ይሠራ ነበር፤ ካራዶሶ የሚባለው በባርኔጣ ላይ የሚደረግ የወርቅ ሜዳሊያ ይቀርጽ ነበር፤ አሜሪጎ የሚባለውም ኅብረ ቀለም ያለውን ብርጭቆ በወርቅ ላይ እያቀለጠ ያስጌጥ ነበር። አንዱን ሙያ የያዘ ሌላውን አይነካም። ቤንቬኑቶ ግን ሁሉንም ሊማር ቈረጠ። የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ እጅግ የራቀ ስለ ሆነ ብዙ ደከመ፤ ብዙ ቀንም የሠራውን አፍርሶ ደግሞ ጀመረ። በኋላም የማንቶቫው ካርዲናል ማኅተማቸውን እንዲሠራ ያዘዙት እርሱን ነበረ።

በሮማ ሳለ ፖርዚያ ኪጂ የምትባል ባለጸጋ እመቤት የአልማዝ ጌጧን አምጥታ በአዲስ መልክ እንዲሠራላት ሰጠችው። እርሱም አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሣለው፥ ቀጥሎም በሰም ሠርቶ አሳያት፤ ከዚያም በዐሥራ ሁለት ቀን የሱፍ አበባ በሚመስል መልክ ፈጸመው። በዚያው ቤት ሉካኞሎ የሚባል ሌላ አንጥረኛ ለፓፓው ማዕድ የሚሆን ትልቅ የብር ዕቃ ይሠራ ነበር። ይህም ሰው የቤንቬኑቶን ሥራ ስለ ትንሽነቱ ይንቀው ነበር፤ ብዙ ገንዘብና ብዙ ክብር የሚገኘው ከትልቅ ዕቃ ነው ብሎ ያምን ነበርና። ስለዚህ ሁለቱ ተወራረዱ። ሥራቸውን አስረክበው ዋጋቸውን በተቀበሉ ጊዜ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ገንዘባቸውን ዘረገፉ፤ የቤንቬኑቶ ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ሲሳለቁ የነበሩት ሁሉ ወደ ሉካኞሎ ዞረው ሣቁበት። ይህን ታሪክ የጻፈው ቤንቬኑቶ ራሱ ስለ ሆነ ድሉን ጥቂት ሳያሳምረው አልቀረ ይሆናል፤ ራሱን ማመስገን ይወድ ነበርና።

በ1527 ዓመት በግንቦት ወር የንጉሠ ነገሥቱ የካርሎስ 5ኛ ሠራዊት ሮማን ወረረ። ቤቱ ሁሉ ተዘረፈ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ፓፓ ቀሌምንጦስ 7ኛ የቅዱስ መልአክ ግንብ ወደሚባለው ምሽግ ሸሽተው ገቡ፤ ቤንቬኑቶም ከእርሳቸው ጋራ ነበረ። ገንዘብ ስለ ቸገራቸው ፓፓው የዘውዶቻቸውን ዕንቍ ነቅሎ ወርቁን እንዲያቀልጥ ቤንቬኑቶን በምሥጢር አዘዙት። ዕንቍዎቹ በወረቀት እየተጠቀለሉ በፓፓው ልብስ ውስጥ ተሰፉ። ቤንቬኑቶም በግንቡ ጫፍ ባለች ክፍል ውስጥ ከጡብ ትንሽ ምድጃ ሠራ፤ ከበታችዋም ሳሕን የሚመስል ማጠራቀሚያ አደረገባት። ወርቁን በፍሙ ላይ በጣለው ጊዜ ቀልጦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርድ ነበር። እንዲህ አድርጎ የአንጥረኞች ሥራ የነበረውን ያማረ ጌጥ ሁሉ መልክ የሌለው ወርቅ አደረገው።

ወርቁን ካስረከበ በኋላ በዐመዱ ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቁ የወርቅ ቅንጣቶች ቀርተው ነበር። ማንም አላያቸውም፥ ማንም አልመዘናቸውም። ቤንቬኑቶ ወደ አገሩ የሚመለስበት ገንዘብ ስላልነበረው በኋላ እመልሳለሁ ብሎ ለራሱ አስቀራቸው። ሁለት ዓመት ያህል ነገሩ በልቡ ከበደበት። ወደ ሮማ በተመለሰ ጊዜ በፓፓው ፊት ተንበርክኮ ያደረገውን ተናዘዘ፤ እርሳቸውም ይቅር አሉት። ማንም ሳያውቅበት መናገሩ በሕይወቱ ከሠራቸው መልካም ነገሮች አንዱ ነው።

ከዚህም በኋላ ፓፓው በካባቸው ደረት ላይ የሚሆን ትልቅ የወርቅ ቍልፍ እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ስፋቱ እንደ ትንሽ ሳሕን ነበረ፤ በላዩም አንድ ታላቅ አልማዝ ይገባበት ነበር። ብዙ አንጥረኞች ሥዕል አቀረቡ፤ አልማዙንም በእግዚአብሔር አብ ምስል ደረት ላይ አኖሩት። ቤንቬኑቶ ግን በሰም በሠራው ምሳሌ አልማዙን የእግዚአብሔር አብ መቀመጫ አደረገው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ዕንቍው ምስሉን አልሸፈነውም። ፓፓውም ይህን ባዩ ጊዜ ሥራውን ለእርሱ ሰጡት። ይህ ቍልፍ የተሠራው በማፍሰስ ሳይሆን ወርቁን በመቀጥቀጥ ነው፤ ሁለቱንም መንገድ የሚያውቅ ሰው ለየሥራው የሚስማማውን ይመርጣል።

ነገር ግን በእጁ እንዲህ የከበረ ሰው በቍጣው ራሱን አዋረደ። በ1529 ዓመት ወንድሙ በጠብ ተገደለ፤ ቤንቬኑቶም ወደ ዳኛ ከመሄድ ይልቅ ገዳዩን አድብቶ በሌሊት ገደለው። በ1534 ዓመትም ፖምፔዮ የሚባል ተቀናቃኙን አንጥረኛ በመንገድ ላይ ወግቶ ገደለው። ጌቶቹ ስለ ሙያው ሲሉ ምሕረት አደረጉለት፤ ይህ ምሕረት ግን አልጠቀመውም፥ ከቍጣው እንዲመለስ አላስተማረውምና።

በ1538 ዓመት ያለ ጥፋቱ ተያዘ። የተከሰሰውም ሮማ በተወረረች ጊዜ የፓፓውን ዕንቍዎች ሰርቋል ተብሎ ነው። የታሰረውም ወርቁን ባቀለጠበት በዚያው ግንብ ውስጥ ነበረ። እርሱ እንደ ጻፈው መዝገቡ በተመረመረ ጊዜ የጐደለ ዕንቍ አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ አልተፈታም። የአልጋ አንሶላውን ቀድዶ እያሰረ በሌሊት ከግንቡ ወረደ፤ ከመጨረሻው ቅጥር ላይ ግን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እየዳኸ ቢያመልጥም ተመልሶ ታሰረ። በ1539 ዓመት መጨረሻ የፌራራው ካርዲናል ኢፖሊቶ ለምነው አስፈቱት።

ለእኒህ ካርዲናል አንድ የጨው ማስቀመጫ በሰም ሠርቶ አሳይቷቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ወጪው ስለ በዛ አላሠሩትም። በ1540 ዓመት ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ያንኑ የሰም ምሳሌ ለንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ባሳያቸው ጊዜ ንጉሡ እጅግ ተደንቀው 1000 የወርቅ ገንዘብ ሰጡት። እርሱም በ1543 ዓመት ፈጸመው። አንዱ ምስል ባሕርን ሌላይቱም ምድርን ያመለክታሉ፤ ጨው በትንሽ መርከብ፥ በርበሬም በትንሽ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ቁመቱ 26 ሳንቲሜትር ብቻ ነው።

በ1545 ዓመት ወደ ፊሬንዜ ተመለሰ። የከተማዋ ገዥ መስፍን ኮዚሞ፥ ፔርሴዎስ የሚባለው የግሪኮች ተረት ጀግና የሜዱሳን ራስ ቈርጦ ይዞ የሚታይበትን የነሐስ ሐውልት እንዲሠራ አዘዙት። ሐውልቱ ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝም ነበር። ቤንቬኑቶ ግን ሥራውን በትልቁ አልጀመረም፤ የፊሬንዜ አፈር እሳቱን ይችል እንደ ሆነ ሊያውቅ አስቀድሞ የመስፍኑን ምስል እስከ ደረታቸው ብቻ አፍስሶ ሞከረው።

መስፍኑ የሜዱሳ ራስ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ነሐሱ አይደርስበትም ብለው ተጠራጠሩ። ቤንቬኑቶ ራሱ ሙሉ ሆኖ እንደሚወጣ፥ የሚያሠጋው ግን በታች ያለው የፔርሴዎስ ቀኝ እግር መሆኑን ገለጠላቸው። ነሐሱ እስከዚያ ሲወርድ መንገዱ ረጅም ነውና ይበርዳል። ይህ በትንሽ ጌጥም የሚታይ ነገር ነው፤ ከመግቢያው የራቀችው ቀጭን ጫፍ ሁልጊዜ በመጨረሻ ትሞላለች።

በሚፈስስበት ቀን መከራ በረከተ። ከእሳቱ ብርታት የተነሣ የሥራ ቤቱ ጣራ ተያያዘ፤ በሌላው ወገን ነፋስና ዝናም ገብቶ ምድጃውን ያቀዘቅዘው ጀመር። ቤንቬኑቶ በድካም ብዛት ብርቱ ንዳድ ያዘውና ተኛ። ጥቂት ቈይቶ አንድ ሰው ሥራው እንደ ጠፋ ነገረው። እርሱም ከአልጋው ተነሥቶ ሮጠ፤ ባየውም ጊዜ ነሐሱ በምድጃው ውስጥ ረግቶ ነበር። ወዲያው ከአንድ ዓመት በላይ የደረቀ የባሉጥ እንጨት ከጎረቤት አስመጥቶ እሳቱን አበረታው፤ ነሐሱ ቀጥኖ እንዲፈስስም ቆርቆሮ ጨመረበት። ነሐሱ ቀለጠ፥ ነገር ግን እንደሚገባው አልሮጠም። በዚያን ጊዜ በቤቱ ያሉትን ሁለት መቶ ያህል የቆርቆሮ ሳሕኖችና ድስቶች እያስመጣ ወደ ነሐሱ ጣላቸው። ነሐሱም ፈስሶ ቅርጹ ሞላ። ቤንቬኑቶ ከሠራተኞቹ ጋራ በልቶ ጠጣ፤ ንዳዱም ለቀቀው።

ሁለት ቀን እስኪበርድ ጠብቆ ጭቃውን ከላይ ወደ ታች ይገልጥ ጀመር። የሜዱሳ ራስ ሙሉ ነበረ፤ የፔርሴዎስም ራስና አካል ሙሉ ነበረ። ወደ ቀኝ እግሩ በደረሰ ጊዜ ጣቶቹ አልወጡም ነበር። በጉድለቱ ከማዘን ይልቅ አስቀድሞ የተናገረው ስለ ደረሰለት ደስ አለው፤ እግሩንም በኋላ ጠግኖ አስተካከለው። ሐውልቱ በ1554 ዓመት በፊሬንዜ አደባባይ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ዛሬም በዚያው ቆሟል።

በእርጅናው ጊዜ እንኳ ቍጣው አልበረደለትም፤ በ1556 ዓመት አንድ አንጥረኛ በመደብደቡ ታሰረ። በ1558 ዓመት እጁ ሥራ ሲሠራ አንደበቱ እየተናገረ የሕይወቱን ታሪክ ለአንድ ልጅ ያጽፍ ጀመር። በ1568 ዓመትም ስለ አንጥረኛ ሥራና ስለ ሐውልት ሥራ የሚያስተምረውን መጽሐፉን አሳተመ፤ ሌሎች እንደ ምሥጢር የሚደብቁትን የሙያ ነገር ሁሉ በዚያ ገልጦ ጻፈው። በ1571 ዓመት በየካቲት ወር ሞቶ በፊሬንዜ ተቀበረ።

ከወርቅና ከብር የሠራቸው ትንንሽ ጌጦች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። የፈረንሳዩ ንጉሥ የጨው ማስቀመጫ በኦስትርያ አገር በቪየና ከተማ ሙዚየም ይገኛል፤ እርሱም በ2003 ዓመት ተሰርቆ ነበር፥ በ2006 ዓመት በጫካ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። የፓፓ ቀሌምንጦስ የወርቅ ቍልፍ ግን ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ በ1797 ዓመት የሮማ ፓፓ ለናፖሊዮን የሚከፍሉት ገንዘብ ባጡ ጊዜ ቀለጠ። ከመቅለጡ በፊት አንድ ሠዓሊ በቀለም የሣለው የቍልፉ ሥዕል በለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል፤ አልማዙና በላዩ የተቀመጠው ምስል አሁንም በዚያ ወረቀት ላይ ይታያሉ።